አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በሰቆጣ መማሪያ ክፍል

የአማርኛ ልብ ወለድ አመጣጥ በሚነገርበት ሁሉ አስቀድሞ የሚነሣው ስም የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ነው። በ1900 ዓ.ም. ሮማ ላይ ያሳተመው «ልብ ወለድ ታሪክ»፣ ኋላ «ጦቢያ» በሚለው ስም የታወቀው፣ በቋንቋችን የመጀመሪያው ልብ ወለድ መሆኑን መምህራን ሁሉ ያውቃሉ። ከዚህ ቀጥሎ ያለው ግን ብዙ ጊዜ በአንድ ዐረፍተ ነገር ይታለፋል። ይኸውም ደራሲው በዐድዋ ጦርነት ጊዜ ወደ ኢጣልያ ወገን የዞረ፣ ከ40 ዓመት በኋላም በወረራው ዘመን ለጠላት አድሮ «አፈ ቄሳር» የሚል ማዕረግ የተቀበለ ሰው መሆኑ ነው። ከነፃነት በኋላ ወደ ጅማ ተግዞ በዚያው በ1940 ዓ.ም. ሞተ።

በሰቆጣና በዋግ ኽምራ ደጋዎች ይህ ነገር የመጽሐፍ ጉዳይ ብቻ ሆኖ አይቀርም። የዋጉ ደጃዝማች ኃይሉ ከበደ ወራሪውን ሲዋጉ በ1930 ዓ.ም. መባቻ ወድቀዋል፤ አንገታቸውም ተቆርጦ ለሕዝብ መቀጣጫ እንዲታይ ተደርጓል። በዚያው ዘመን አፈወርቅ ብዕሩን ለወራሪው ስብከት አውሎት ነበር። እንግዲህ በሰቆጣ ክፍል ውስጥ የቆመ የአማርኛ መምህር የአርበኞቹን የልጅ ልጆች ፊት ለፊት እያየ «የልብ ወለዳችን አባት» ብሎ ሲጀምር፣ ከተማሪዎቹ አንዱ «የማን አባት?» ብሎ ቢጠይቀው ምን ይመልሳል?

ሁለት ዓይነት መልስ ለምደናል። አንደኛው ሰውየውን ከነመጽሐፉ መተው ነው። ይህ የማይሆን ነገር ነው፤ ምክንያቱም አፈወርቅን ከሥነ ጽሑፋችን ነቅሎ ለማውጣት የሚሞክር ሰው በመጀመሪያ «ልብ ወለድ» የሚለውን ቃል መተው አለበት። ለአንድ መጽሐፍ አርእስት የተሰጠው ስያሜ ዛሬ የዘርፉ ሁሉ መጠሪያ ነው። ከሽሬ ግንባር ዘምተው፣ ተማርከው በኢጣልያ ግዞት የኖሩት ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ሲያሳትሙ፣ መጽሐፋቸው የተጠራው ለዚያው ለኢጣልያ ያደረ ሰው ባወጣው ስም ነው። የቋንቋ ውርስ የወራሹን ፈቃድ አይጠይቅም።

ሁለተኛው መልስ ሕይወቱን ትቶ ሥራውን ብቻ ማስተማር ነው። መምህራኖቻችን አብዛኛውን ጊዜ የሚመርጡት ይህን ነው፤ እኔ ግን ከመጀመሪያው የባሰ ይመስለኛል። ጦቢያን የአገር ምሳሌ፣ ታሪኩንም የአገር ፍቅር መዝሙር አድርጎ ማቅረብ የመጽሐፉን አካሄድ ካለማየት የመጣ ነው። በታሪኩ ውስጥ የክርስቲያኑ ወገን ድል ይሆናል፤ የጦር አለቃው ይማረካል፤ ልጁ ዋሂድ ውለታ ለመመለስ ሲወጣ በባሪያ ነጋዴዎች እጅ ይወድቃል። ጦቢያ የወንድ ልብስ ለብሳ ወንድሟን ፍለጋ ትሄዳለች። ታዲያ መከራው የሚያልቀው በምንድን ነው? በተሸናፊዎቹ ክንድ ወይም ብልሃት አይደለም። አሸናፊው ንጉሥ በጦቢያ ውበት ተማርኮ፣ ሃይማኖቷን ተቀብሎ ሲያገባት ነው። ሥልጣን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በንጉሡ እጅ ነው፤ የሚለወጠው የንጉሡ ልብ ብቻ ነው። ደግ ጌታ ከተገኘ ሁሉ ይቃናል የሚለው እምነት መጽሐፉን ከሥር እስከ ጫፍ ይዞታል።

በ1928 ዓ.ም. የሆነውን በ1900 በተጻፈ ልብ ወለድ ውስጥ መፈለግ የሂስ ስሕተት ነው ይባል ይሆናል። ማስጠንቀቂያው ተገቢ ነው። ነገር ግን ያው እምነት በዓመቱ በወጣው «ዳግማዊ ምኒልክ» ውስጥም ይታያል፤ በዚያ መጽሐፍ ምኒልክን ከፍ ለማድረግ ሲባል ቴዎድሮስና ዮሐንስ ዝቅ ተደርገዋል። ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ በ1904 ዓ.ም. በታተመው «አጤ ምኒልክና ኢትዮጵያ» ይህን አጻጻፍ ነቅፎታል። ሂስ በአማርኛ የጀመረው ከዚህ ነው ብል ብዙ ያጋነንሁ አይመስለኝም፤ ውዳሴን ለታሪክ የመቁጠር ልማድ ግን ከነቀፌታው በኋላም አልሞተም፤ የትምህርት ቤት ጽሑፎቻችንን ያገላበጠ ያውቀዋል።

በሌላ በኩል ይኸው ሰው በ1900 በፈረንሳይኛና በአማርኛ ባሳተመው የመንገደኞች መምሪያ ወታደር በገበሬ ላይ እየተመራ የሚያደርሰውን በደል በግልጽ ጽፏል። የተናገረው እውነት ነበር። የዋግ ገበሬም ሆነ የሸዋ ገበሬ ያውቀዋል። እውነቱ የተነገረው ግን ለባዕድ አንባቢ በመሆኑ፣ ለማቅናት የተጻፈው ለመውረር ምክንያት ለሚፈልግም ይመቻል። እንግሊዞች ስለ ኪፕሊንግ ሲከራከሩ የኖሩት ከዚህ ጋር ይቀራረባል፤ ልጆች የጫካውን ተረት እየወደዱ ያድጋሉ፤ ሰውየው ግን የቅኝ ግዛት አወዳሽ ነው። ልዩነቱ ኪፕሊንግ የራሱን መንግሥት ማወደሱ፣ አፈወርቅ የሌላውን ማገልገሉ ነው።

ለዋግ ኽምራ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። አፈወርቅ መጽሐፉን ባወጣበት ዘመን በኔፕልስ ለኢጣልያውያን አማርኛ ያስተምር፣ ሰዋስውም ይጽፍ ነበር። አፉን በኽምጥኛ የፈታ ልጅም አማርኛን የሚማረው እንደ ሁለተኛ ቋንቋ ነው። የአፈወርቅ ዐረፍተ ነገር ረጅም፣ በቅጽልና በምሳሌ የተጠቀጠቀ ስለሆነ ምዕራፉን በሙሉ ማስነበብ ልጁን ያደክመዋል። ስለዚህ ጥቂት ገጾች ተመርጠው ቃል በቃል ቢነበቡ፣ ከዚያም የመምሪያው ክፍልና የገብረ ሕይወት መልስ ጎን ለጎን ቢቀርቡ ይሻላል። የደጃዝማች ኃይሉን ነገር ደግሞ ተማሪዎቹ ራሳቸው ከአያቶቻቸው ጠይቀው ያምጡ፤ በኽምጥኛ ከተነገራቸውም በኽምጥኛ ይጻፍ።