የሮሙ ግእዝ በጋይንት ዐይን

ዐርብ ጠዋት በእኛ በጋይንት አርብ ገበያ ላይ የሚወጣው ሕዝብ ቢቆጠር ከአንድ አገር ነዋሪ ይበልጣል። ቫቲካን 44 ሄክታር ናት፤ ሕዝቧ አንድ ሺህ አይሞላም። በነዋሪ ማነስ ከእሷ ቀጥለው የሚጠሩት ቱቫሉና ናኡሩ እንኳ እያንዳንዳቸው ዐሥር ሺህ ያህል ሰው አላቸው። በዚያች ጠባብ ቅጥር ውስጥ፣ ከቅዱስ ጴጥሮስ ባዚሊካ ጀርባ፣ የሐበሾች ቅዱስ እስጢፋኖስ ተብሎ የሚጠራ ቤተ ክርስቲያን አለ። ባዚሊካው በ16ኛው መቶ ዘመን እንደ አዲስ ሲሠራ በዙሪያው የነበሩ አብያተ ክርስቲያናት ፈርሰው እሱ ተርፏል። በር ላይ ያለው የ12ኛው መቶ ዘመን የዕብነ በረድ ቅርጽም አብሮ ተርፏል። ከ15ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ የእኛ መነኮሳት ማደሪያ ነበር። ዛሬም በቫቲካን ቅጥር ውስጥ ያለው ብቸኛ ኮሌጅ የኢትዮጵያውያን ነው።

እኔን የያዘኝ ግን ከዚያ ቤት የወጣ አንድ መጽሐፍ ነው። እ.ኤ.አ. በ1548 እና በ1549 በሁለት ክፍል የታተመው የግእዝ ሐዲስ ኪዳን። ሥራውን የመሩት የደብረ ሊባኖሱ መነኩሴ አባ ተስፋ ጽዮን ሲሆኑ አጋዦቻቸው ተንሥአ ወልድና ዘሥላሴ ነበሩ። አታሚው ቫሌሪዮ ዶሪኮ የብሬሻ አገር ተወላጅ ሲሆን ማተሚያ ቤቱ ሮም ነበር።

የሥራውን ክብደት ለማየት ከአንዲት ፊደል መነሣት ይሻላል። በዚያ ዘመን አንድ ፊደል የሚወለደው ከብረት ጫፍ ነው። ቀራጩ ፊደሉን ግራና ቀኙን ገልብጦ ብረት ላይ ያወጣዋል፤ ብረቱ በመዶሻ ተመትቶ መዳብ ላይ ጎድጓዳ ምልክት ይተዋል፤ በዚያ ጎድጓዳ ውስጥ የቀለጠ እርሳስ ይፈስሳል። አሁን «ቡ»ን እንውሰድ። ቅጥያዋ በቀኝ እግሩ ወገብ ላይ ናት። ወደ ታች ብትወርድ «ቢ» ይሆናል፤ እዚያው ቀለበት ብትሠራ «ቤ» ነው። የፀጉር ያህል ብትስት ንባቡ ይለወጣል። ብረቱ ላይ ደግሞ ቀኙ ግራ ሆኗል። ቀራጩ ቅጥያዋን ያለ ቦታዋ ቢተክላት ስሕተቱን የሚነግረው የራሱ ዐይን አይደለም፤ አጠገቡ የሚቆም የግእዝ አንባቢ ያስፈልገዋል።

የላቲን ፊደል ትልቁም ትንሹም ቢደመር ሃምሳ ያህል ነው። የእኛ 26ቱ በሰባት ሲባዙ 182፣ ዲቃሎቹ ሲጨመሩ 202፣ ቁጥሮቹ ሲጨመሩ ከ220 ያልፋሉ። ፊደል ለቃሚው እነዚህን ሁሉ ከየሳጥናቸው እያነሣ፣ ፊደሉን ተገልብጦ እያየ፣ በማያውቀው ቋንቋ ይደረድራል። ተስፋ ጽዮንና ጓደኞቻቸው ለአንባቢው ይቅርታ የጠየቁትም ስለዚህ ነው፤ አታሚዎቹ ግእዝ እንደማያነቡ፣ እነርሱም ኅትመት እንደማያውቁ በግልጽ ጽፈዋል። ይቅርታው ለእኔ እንደ ሥራው ሁሉ የእጅ ጥበብ አካል ነው። የእኛ ቁም ጸሐፊ በብራናው መጨረሻ ስለ ጉድለቱ ምሕረት እንደሚለምን፣ እነርሱም ያንን ልማድ ወደ እርሳሱ ፊደል ይዘውት ሄዱ።

ስሕተት የለበትም ማለቴ አይደለም። በእጃቸው የነበረው የሐዋርያት ሥራ ብራና ጎደሎ ስለነበር የጎደለውን ከላቲንና ከግሪክ እየመለሱ ሞሉት። ግእዝ የለመደ ጆሮ እዚያ ላይ ቢጠራጠር አይፈረድበትም። አንዳንዶች ከዚህ ይልቅ በ1513 በዚያችው ከተማ የታተመውን የዮሐንስ ፖትከንን መዝሙረ ዳዊት ያስቀድማሉ፤ በቀዳሚነቱ ልክ ናቸው። ፖትከን ግን ቋንቋውን ከለዳዊ ነው ብሎ ነበር። ባለቤቶቹ ራሳቸው ቆመው ያሳተሙት የ1548ቱን ነው፤ ለእኔ ሚዛኑ የሚደፋው ወደዚያ ነው።

እዚህ ላይ ወደ ጋይንት ልምጣ። ተስፋ ጽዮን ሮም ላይ እርሳስ ሲያስደረድሩ በአገር ቤት ዐፄ ገላውዴዎስ ነግሠው ነበር (1540–1559)። የዜማ መጽሐፋችንን የድጓን የዜማ ምልክት አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል ያደራጁት በእኚህ ንጉሥ ዘመን እንደሆነ ሊቃውንቱ ይናገራሉ። የድጓው ማስመስከሪያ ደግሞ እዚሁ ጋይንት ቤተ ልሔም ነው፤ ዝማሬና መዋሥዕት ያለውም ዙር አምባ ነው።

የድጓን ገጽ ቀረብ ብሎ ያየ ሰው የሚያስተውለው መጀመሪያ መስመሩን ነው። ንባቡ በቁም ጽሕፈት ሰፋ ብሎ ይሄዳል፤ በላዩ ድፋት፣ ሂደት፣ ቅናት፣ ይዘት፣ ቁርጥ፣ ጭረት፣ ርክርክ፣ ደረት፣ ድርስና አንብር በቀጭን ብርዕ ተሠልፈዋል። በመካከላቸው ደቃቅ ፊደላት አሉ፤ ዜማው ከሌላ ቦታ የታወቀ መሆኑን ለመሪጌታው የሚጠቁሙ። ምልክቷ ከፊደሏ አናት ፈቀቅ ካለች ዜማው ሌላ ቀለም ላይ ያርፋል። ጸሐፊው ስለዚህ ንባቡን ሲጽፍ ገና ያልተጻፈውን ዜማ አስቦ ቦታ ይተዋል፤ ረዥም ዜማ ያለባት ቃል ፊደሎቿ ተራርቀው ይቀመጣሉ፣ ሲበዛም ምልክቷ ትሳሳለች እንጂ ቃሏ አትጨነቅም። የገጹ ውበት ያለው በዚህ አሰፋፈር ነው። እርሳስ እኩል ቁመት ይፈልጋል፤ እንዲህ ያለውን ገጽ በዚያ ዘመን መሣሪያ ለመደርደር በየመስመሩ መካከል ሌላ የደቃቅ ፊደል መስመር፣ በየቃሉም የተለየ ክፍተት መሥራት በተገባ ነበር። ሐዲስ ኪዳን ወደ ማተሚያው ሲገባ ድጓው በብርዕ የቀረው በእምነት ጉዳይ ብቻ አይመስለኝም፤ ሥራው ራሱ ብርዕ ይፈልግ ነበር። የቤተ ልሔም ተማሪም ድጓውን ለራሱ በራሱ እጅ እየጻፈ ይማራል፤ ምልክቱን የሚያስቀምጠው ጣት ዜማውን ያወቀ ጣት ነው፤ ሮም ላይ የጎደለውም ይኸው ነበር።