ዳጣው ከጎን

ምግብ ቤቴ ውስጥ ዳጣ ሳህን ላይ አፍስሼ አላውቅም። ቁርጥም ይሁን ክትፎ፣ ቆጮም ይሁን ጎዳሬ፣ ዳጣው በሲኒ ሆኖ ከጎን ይቀርባል። ወላይታ ውስጥ ሁሉም የሚያደርገው ስለሆነ ድሮ አላሰብኩበትም ነበር። አሁን ግን ከሙያችን ብልሃት ሁሉ ትልቁ ይህ ይመስለኛል። የድስቱን ጨው የምወስነው እኔ ነኝ፤ ከሲኒው ስንት ጊዜ እንደሚያጠቅስ የሚወስነው በላተኛው ነው።

ዳጣዬን በማለዳ እፈጫለሁ። ቃሪያ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ በሶብላ፣ ድንብላል፣ ጤና አዳም፣ ጨው። ድንጋዩ ላይ ቃሪያው ቀድሞ ዓይን ያስለቅሳል፤ ዝንጅብሉ ቀስ ብሎ ነው የሚነሳው፣ ከተነሳ ግን እስከ ማታ ከጣት አይለቅም። ለእኛ ለወላይታዋ ቦምቤ ሰዎች ዝንጅብል ቅመም ብቻ አልነበረም፤ የልጆች ደብተርና የቤት ቆርቆሮ የሚገዛበት ሰብል ነበር። በ2004 ዓ.ም. የአጠውልግ በሽታ ገብቶ ማሳውን ቢጫ እያደረገ ሲጨርሰው የኔም ጓሮ አልተረፈም። ከገበያ የደረቀ ዝንጅብል ገዝቼ ሠራሁ።

የዚያን ቀን መንገደኞቹ በልተው፣ አመስግነው ሄዱ። አንድ ሹፌር እንዲያውም ድገሚኝ አለ። ሁልጊዜ በሩ አጠገብ የሚቀመጡ ሽማግሌ ግን አንዴ አጥቅሰው ሲኒውን ገፋ አደረጉት።

«ልጄ፣ ይሄ የማን ነው?»

«የኔ ነው አባባ። ዝንጅብሉ ብቻ የገበያ ነው።»

«እንግዲያውስ ያንቺ አይደለም» አሉ።

ከፍቶኝ ነበር። ቆይቼ ሳስበው ግን ሁለቱም ልክ ነበሩ። ሹፌሩ ማቃጠሉን ፈልጎ ነበር፣ አገኘው። ሽማግሌው የሚያውቁትን ሽታ ፈልገው ነበር፣ አጡት። የቃሪያ ማቃጠል እንደ ጨውና እንደ ስኳር ጣዕም አይደለም፤ እሳት ሲነካን የሚጮኸውን ነርቭ ነው የሚቀሰቅሰው። ይህን ያገኘው ዴቪድ ጁልየስ እ.ኤ.አ. በ2021 የኖቤል ሽልማት ከተጋሩት አንዱ ነው። ከልጅነቱ ጀምሮ ዳጣ የበላ ሰው ነርቩ እየለመደ ስለሚሄድ፣ እንግዳውን የሚያስለቅሰው ለእሱ ገና ጅማሬው ነው። ያቃጠለው እንግዳ ውሃ ሲጠይቀኝ አይብ አቀርብለታለሁ፤ የሚያቃጥለው ነገር በቅባት እንጂ በውሃ አይሟሟም።

ከልምድ በፊት ግን ልደት አለ። ሁለቱ ሴቶች ልጆቼ ከአንድ ድስት ነው ያደጉት። ታላቋ ጎመን ስታይ ደስ ይላታል፤ ታናሿ ከልጅነቷ ጀምሮ «ይመራል» ትላለች። ስንት ጊዜ ተቆጥቻታለሁ! እ.ኤ.አ. በ1931 አርተር ፎክስ የሚባል አሜሪካዊ ኬሚስት ቤተ ሙከራው ውስጥ ዱቄት ሲቦንበት፣ ባልደረባው መረረኝ አለ፤ ፎክስ ደግሞ ምንም አልቀመሰውም። ልዩነቱ በዘር የሚወረስ ሆኖ ተገኘ፤ ጎመን ውስጥም የዚያ መራራ ዘመዶች አሉ። ይህን ያወቅሁት ልጄ ካደገች በኋላ መሆኑ ይቆጨኛል። ልጅቷ እውነቷን ነበር የምትናገረው።

ቆጮ ላይ ደግሞ የሚበልጠው አስተዳደግ ነው። ጉድጓድ ውስጥ የሰነበተ ቆጮ ሽታው ለኛ ቤት ቤት ይላል። ከሰሜን የመጣ አንድ እንግዳ አፍንጫውን ሲይዝ አየሁና አዘንኩ፤ ከዚያ ግን የሚበላው እንጀራ ላይ ዓይኔ አረፈ። እሱም የቦካ ነው፣ እሱም ይኮመጥጣል፤ ግን ከእናቱ ጡት ሳይወርድ የለመደው ነው። ምናልባትም ከዚያ በፊት። አሜሪካ ውስጥ ጁሊ ሜኔላና ባልደረቦቿ እርጉዝ ሴቶችን የካሮት ጭማቂ አጠጥተው ነበር፤ ልጆቹ ተወልደው ምግብ ሲጀምሩ ካሮት ያለበትን ገንፎ ፊታቸውን ብዙም ሳያጨማድዱ ተቀበሉት። እኔ ሁለቱንም ሳረግዝ ዳጣ አላቋረጥኩም።

አንድ ነገር ግን ሳልናገር አላልፍም። «የሰው ምላስ ይለያያል» የሚለውን ብዙ አብሳዮች ስንፍናቸውን ይሸፍኑበታል። አንድ ቀን አንድ ትንሽ ልጅ ጎዳሬዬን ቀምሶ «አፌን በላኝ» አለ። ቅብጠት መስሎኝ አባበልኩት። እናቱ ስትቀምሰው እሷም ጉሮሮዋን ያዘች። ጎዳሬ ውስጥ እንደ መርፌ የሾሉ ደቃቅ ነገሮች አሉ፤ በደንብ ካልበሰለ አፍ ይወጋሉ። ያን ቀን እንግዳ በዝቶብኝ ቸኩዬ አውጥቼው ነበር። ጥፋቱ የኔ እንጂ የልጁ ምላስ አልነበረም። ከዚያ ወዲህ ሳህን ሳይነካ ሲመለስ መጀመሪያ ራሴ እቀምሳለሁ፤ ስለ ምላስ መለያየት የማስበው ከዚያ በኋላ ነው።

ዛሬ ጓሮዬ ውስጥ ጥቂት መደብ ዝንጅብል አለ፤ ዘሩን መርጬ፣ መሬቱን ቀይሬ የተከልኩት። ሽማግሌው አሁንም ይመጣሉ፣ በልጅ ልጃቸው ተደግፈው። ባለፈው ሰሞን አጠቀሱና ቆም አሉ።

«ዝንጅብሉ ዛሬም የገበያ ነው?»

በማለዳ በእጄ ነቅዬ ያጠብኩት ነበር። ዕድሜ ሲገፋ ማሽተት ይደክማል። «ትንሽ ይቆዩኝ አባባ» ብዬ ወደ ጓዳ ገባሁ። ሁለት ጣት የሚያህል ዝንጅብል ልጬ፣ ለሳቸው ብቻ በሌላ ሲኒ ፈጨሁ።