የጠረጠርነውና የመዘገብነው፦ በአንጎል ቶክሶፕላዝሞሲስ አመዘጋገብ ላይ የቀረበ ሂስ

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» የሚለው አባባል ዘወትር የሚነገረው ለታማሚው ነው። እኛ የጤና ባለሙያዎች ግን ታማሚው ያልደበቀውን፣ ሐኪሙም መርምሮ የደረሰበትን በሽታ በገዛ መዝገባችን የምንደብቅበት ጊዜ አለ። ለዚህ ጥሩ ማሳያ የሚሆነው ኤች.አይ.ቪ. በደማቸው በሚገኝ ሰዎች ላይ የሚከሠተው የአንጎል ቶክሶፕላዝሞሲስ ነው።

ነገሩን በምሳሌ እንየው። ስታዲየም ታክሲ መያዣው አጠገብ አንድ ጎልማሳ በድንገት ይወድቃል እንበል። አላፊ አግዳሚው ይሰበሰባል፤ አንዱ ክብሪት ጭሮ ያሸተዋል፤ ሌሎች ደግፈው ወደ ሆስፒታል ያደርሱታል። በድንገተኛ ክፍል ካርዱ ላይ «የሚጥል በሽታ» ተብሎ ይጻፋል። የአንጎሉ ሲቲ ስካን ቀለበት መሰል እብጠቶችን ሲያሳይ ተረኛው ሐኪም «ኤስ.ኦ.ኤል.» ብሎ ያሰፍራል። ኤች.አይ.ቪ. ተገኝቶበት የሲዲ4 ቁጥሩም ከ100 በታች ሲሆን «ቶክሶ ሳይሆን አይቀርም» ይባልና ኮትሪሞክሳዞል ይጀመርለታል። ሲወጣ የተሰጠው ማጠቃለያ ደግሞ «የአንጎል ኢንፌክሽን፣ ተሽሎታል» ይላል። አንድ ሰው፣ አንድ በሽታ፣ አራት ስም።

ይህ የሆነው በስንፍና ብቻ አይደለም፤ የበሽታው ጠባይም አለበት። ጥገኛ ተኅዋሱ በብዙ ሰው ሰውነት ውስጥ ተኝቶ የሚኖር ስለሆነ የአይ.ጂ.ጂ. ምርመራ ውጤት ፖዘቲቭ መሆኑ ብቻውን አያረጋግጥም። የአንጎል ናሙና መውሰድም እምብዛም አይሞከርም። ስለዚህ በአብዛኛው ማስረጃ የሚሆነን ታማሚው ለመድኃኒቱ የሚሰጠው ምላሽ ነው፤ እርሱም የሚታወቀው በ2 ሳምንት ገደማ ነው። ምላሽ ከሌለ ቲዩበርክሎማን ወይም ሊምፎማን ማሰብ ይገባል። እንግዲህ ማስረጃው የሚመጣው በ14ኛው ቀን ሆኖ ሳለ መዝገቡ የሚጻፈው በመጀመሪያው ቀን ነው። የትችቴ ዋና ነጥብ ይህ ነው፦ የምንመዘግበው የደረስንበትን ሳይሆን በመጀመሪያ የገመትነውን ነው።

ቀጥሎ ካርዱ ኮድ ሰጪው እጅ ይገባል። በዓለም አቀፉ የበሽታዎች ምደባ 10ኛ እትም የቶክሶፕላዝማ የአንጎልና የአንጎል ሽፋን ብግነት ኮድ ቢ58.2 ነው። ካርዱ ላይ «ኤስ.ኦ.ኤል.» ብቻ ካለ ግን ኮዱ አር90.0 ይሆናል፤ ይህም የምልክቶችና ያልተለመዱ ግኝቶች ምዕራፍ እንጂ የበሽታ ስም አይደለም። ኤች.አይ.ቪ. ብቻ ጎልቶ ከተጻፈና ሁለተኛ ኮድ ካልተጨመረ ደግሞ ቢ20.8፣ ማለትም «ሌሎች ተላላፊና የጥገኛ ተኅዋስ በሽታዎች» በሚለው የጋራ ከረጢት ውስጥ ገብቶ ይቀራል።

ከዚህ የሚብስ አለ። በምደባው 2ኛ ቅጽ መመሪያ መሠረት፣ የተኝቶ ሕክምናው አብቅቶ ዋናው ሕመም «የተጠረጠረ» ተብሎ ከቀረና ሌላ ማብራሪያ ከሌለ፣ እንደ ተረጋገጠ ተቆጥሮ ኮድ ይሰጠዋል። ለቆጠራ ሥራ ይህ ደንብ የራሱ ምክንያት አለው። ይሁን እንጂ የሐኪሙ «ሳይሆን አይቀርም» በኮድ ሰጪው ብዕር «ነው» ሆኖ ይወጣል። እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 1 ቀን 2022 ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለው 11ኛው እትም የዲያግኖሲስን ጊዜያዊነት የሚያመለክት ተቀጽላ ኮድ ማካተቱ መልካም ነው። ነገር ግን ካርዱ ላይ ያልሰፈረን ጥርጣሬ የትኛውም እትም ሊፈጥረው አይችልም።

ለመሆኑ ይህ ሁሉ ለምን ያሳስበናል? ከስታዲየም ብዙም በማይርቀው ዘውዲቱ መታሰቢያ ሆስፒታል፣ በኋላም በ1997 ዓ.ም. ነፃ የፀረ ኤች.አይ.ቪ. ሕክምና ሲጀመር በመላ አገሪቱ፣ ብዙ ሕይወት ተርፏል። ዛሬ በአንጎል ቶክሶፕላዝሞሲስ የሚታመም ሰው ከሞላ ጎደል ዘግይቶ የተመረመረ፣ መድኃኒቱን ያቋረጠ ወይም የመከላከያ ኮትሪሞክሳዞል ያልደረሰው ነው። በሌላ አነጋገር እያንዳንዱ ቢ58.2 አንድ ቦታ ላይ የተከፈተ ቀዳዳን ይጠቁማል። ቢ58.2 አር90.0 ሆኖ ሲመዘገብ ቀዳዳው አይታይም፤ የመድኃኒት ፍላጎት ሲሰላም አይቆጠርም። ውጤቱን የሚሸከመው የማዘዣ ወረቀት ይዞ በስታዲየም አካባቢ ከፋርማሲ ፋርማሲ የሚንከራተተው አስታማሚ ነው።

በዚህ ካርድ ክፍሉን መውቀስ ፍትሐዊ አይደለም። ኮድ ሰጪው ያልተጻፈ አያነብም። በአንድ ተረኛ ላይ የሚከመረውን የታማሚ ብዛት ለሚያውቅም ሰው ረጅም ማጠቃለያ መጠየቅ ይከብዳል። ደግነቱ የሚያስፈልገው አጭር ነው፦ ቦታው፣ የተጠረጠረው ተኅዋስ፣ የኤች.አይ.ቪ. ሁኔታና የሲዲ4 ቁጥር፣ ዲያግኖሲሱ የቆመበት ማስረጃ። ዴክሳሜታዞን ተሰጥቶ ከሆነ ይጻፍ፤ የሊምፎማን እብጠትም ሊያሳንስ ስለሚችል መሻሻሉ ማስረጃነቱ ይደክማልና። የቲቢ መድኃኒት አብሮ ከተጀመረም እንዲሁ። ከሁሉ በላይ በ14ኛው ቀን ወደ ካርዱ ተመልሶ «ምላሽ ሰጥቷል» ወይም «አልሰጠም» የሚል አንድ መስመር መጨመር ይገባል። ታማሚው ቀድሞ ከወጣ ይህ መስመር የክትትል ክሊኒኩ ድርሻ ይሁን፤ ኮዱም በእርሱ መሠረት ይታረም።

መጀመሪያ መጠርጠር የሕክምና ወግ ነው፤ ማንም አያፍርበትም። የሚያሳፍረው ጥርጣሬያችን ከተፈታ በኋላም መዝገባችን ሳይታረም መቅረቱ ነው። ያ ጎልማሳ ድኖ ወደ ሥራው ቢመለስም፣ በመዝገባችን ግን እስከ ዛሬ በሽታው ያልታወቀ ሰው ነው።