ሲጫኑት የማይደበዝዝ

መማሪያ መጻሕፍቱ የቆዳ ኢንፌክሽንን ስንገልጽ «ቀይ» ከሚለው እንድንጀምር አስተምረውናል። መካነ ሰላም ላይ የማየው የገበሬ እግር ግን ጠቆር ይላል፣ ያብረቀርቃል፣ ይወጠራል እንጂ አይቀላም። ስለዚህ የእጄን ጀርባ መጀመሪያ ጤነኛው እግር ላይ፣ ቀጥሎ የታመመው ላይ አሳርፋለሁ። ብርድ ብርድ ካለ በኋላ በአንድ እግር ብቻ የሚግልና የሚሰፋ እብጠት አብዛኛውን ጊዜ የስትሬፕቶኮከስ ወይም የስታፊሎኮከስ ሥራ ነው።

ባክቴሪያው የገባበትን ስንጥቅ በእግር ጣቶች መካከል እፈልጋለሁ። እዚህ ደጋ፣ ቀይ አፈር በባዶ እግር ሲረግጥ የኖረ ሰው ዝሆኔ ካለበት ሕመሙ እየቆየ ያገረሽበታል። «ምች ነው» ብሎ ዳማከሴ አሽቶበት ይመጣል፤ አልቆጣም። ክሎክሳሲሊን አዝለታለሁ፤ በሳሙና መታጠብና ጫማ ካልተጨመረበት ግን መድኃኒቱ ብቻውን አያዛልቅም። የእብጠቱን ጠርዝ በጣቴ ዳስሼ በእስክርቢቶ አሰምራለሁ፤ በማግስቱ መስመሩን አልፎ እንደሆነ አያለሁ።

ሁለቱም ቅልጥሞች ላይ ነጠብጣብ ከወጣ ነገሩ ሌላ ነው። በላቦራቶሪ ስላይድ እጫነዋለሁ። ደሙ በሥሮቹ ውስጥ ከሆነ ይሸሻል፤ የትንንሾቹ ሥሮች ግድግዳ ተቆጥቶ ደም ወደ ቆዳ ከፈሰሰ አይደበዝዝም፣ ሲዳሰስም ጎበጥ ጎበጥ ይላል። ቆዳው ሲጠቁር ይህን መለየትም ስለሚያስቸግር ውስጥ እግርንና ላንቃን አያለሁ። «እማማ፣ ሰሞኑን ምን መድኃኒት ዋጡ?» እላለሁ፤ ፔኒሲሊንና ኮትሪሞክሳዞል ራሳቸው ሥሮቹን ሊያስቆጡ ይችላሉ። ሽንት ሳይመረመር ማንንም አልሸኝም፤ ኩላሊት ሳያሳምም ይጎዳልና።

ትኩሳት ሲጨመርበት የኢንፌክሽኑና የሥሮቹ ቁጣ ድንበር ይጠፋል። ማጅራት ገትር ሲጠረጠር ነጠብጣቡን እያየሁ አልቆይም፤ ሴፍትሪያክሶን ወዲያው ይወጋል። ተስቦም አለ፤ በጋቢና በልብስ ስፌት የሚደበቀው ቅማል የሚያስተላልፈው የተስቦ ባክቴሪያ የሚራባው በትንንሾቹ ሥሮች ግድግዳ ውስጥ ነው። በሽታው በዶክሲሳይክሊን ይድናል፣ ከታሰበ።

የቆዳ ሐኪም ሲያስፈልግ ደሴ አጠገብ ወዳለው ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል እልካለሁ። ለናሙና የሚመረጠው ከወጣ ከ24 እስከ 48 ሰዓት የሆነው ነጠብጣብ ነው፤ መንገዱ ደግሞ ሩቅ ነው። ስለዚህ የትኛው ነጠብጣብ መቼ እንደወጣ፣ የሽንቱን ውጤትና የተወሰደውን መድኃኒት ስም ሪፈር ወረቀቱ ላይ በጉልህ እጽፋለሁ።