የአዲትያዎች ስምና የአል-ቢሩኒ ሚዛን

የሌላውን ሕዝብ እምነት ለመመርመር የተነሣ ሰው በቅድሚያ ሊመልሰው የሚገባ ጥያቄ አለ፤ ባለቤቶቹ ያን ነገር ምን ብለው ይጠሩታል? ስሙንስ ከየት አገኙት? ቁርኣን በሱረቱ አን-ነጅም ስለ አል-ላት፣ አል-ዑዝዛና መናት ሲያወሳ ክርክሩን ያቆመው በስያሜ ላይ ነው። ሰዎቹና አባቶቻቸው ያወጧቸው፣ ከአላህ ዘንድ ማስረጃ ያልወረደባቸው ስሞች መሆናቸውን ያስገነዝባል። ሱረቱ ኑሕ ደግሞ የኑሕን ሕዝብ ጣዖታት አንድ በአንድ በስም ይጠራል። ሂሻም ኢብኑል-ከልቢም በ«ኪታቡል-አስናም» የዐረብ ጣዖታትን አመጣጥ መዝግበው አልፈዋል። ስለዚህ የስምን ትውልድ መመርመር ለተውሒድ መምህር እንግዳ ሥራ አይደለም።

በዚህ ጽሑፍ የምንመዝነው አቡ ረይሓን አል-ቢሩኒ (362–440 ሂጅሪ፣ 973–1048 እ.ኤ.አ.) በ1030 ገደማ ባጠናቀቁት የሕንድ ኪታባቸው «ታሕቂቅ ማ ሊል-ሂንድ» የሂንዱዎችን «ዴቫዎች» ያቀረቡበትን መንገድ ነው። ለመመዘኛም ከዴቫዎቹ አንዱን ወገን፣ አዲትያዎች የሚባሉትን፣ እንወስዳለን።

ጉዳዩ የቆየ ታሪክ ብቻ አለመሆኑን የሚያሳይ አንድ ነገር ላንሣ። «ብራህማ ማለት ኢብራሂም ነው፤ ሳራስዋቲም ሣራ ናት» የሚለውን አባባል ከመድረሳም ከዩኒቨርሲቲም ተማሪዎቼ አፍ በተደጋጋሚ ሰምቻለሁ። ሳራስዋቲ ግን በጥንቱ ሪግቬዳ የወንዝ ስም ናት፤ ትርጓሜዋም ከውኃ ጋር የተያያዘ ነው። ብራህማም ከሳንስክሪቱ «ብራህማን»፣ ማለትም ከቅዱስ ቃልና ከኃይሉ ስም የወጣ ነው። አሽ-ሸህረስታኒ (ሞት 548 ሂጅሪ) «በራሂማ» የሚለውን ስም ከኢብራሂም ጋር ያያያዙትን ሰዎች አርመዋል፤ ይሁንና እሳቸውም ብራህም ከተባለ አንድ ሰው ጋር አገናኙት። አንዱን ስሕተት ሲያርሙ ሌላው አመለጣቸው። የድምፅ መመሳሰል ምን ያህል እንደሚያሳስት የሚገባን በራሳችን ቋንቋ ብንሞክረው ነው። ከአዲትያዎቹ አንዱ «አርያማን» ይባላል። ይህን ሰምቶ ከግእዙ «አርያም» ጋር የሚያዛምድ ቢኖር እንስቃለን፤ ግእዙ ከፍታን፣ ሳንስክሪቱ የወገንን ክብርና እንግዳ ተቀባይነትን ይናገራልና። ኢብራሂምን ከብራህማ ማዛመድም ከዚህ የተለየ ሚዛን የለውም።

አዲትያ ማለት «የአዲቲ ልጅ» ነው። አዲቲ የሚለው ስም አለመታሰርን፣ ወሰን አልባነትን ያመለክታል። በሪግቬዳ ሁለተኛ መጽሐፍ ስድስት ልጆች ተጠርተዋል፤ ሚትራ፣ አርያማን፣ ባጋ፣ ቫሩና፣ ዳክሻ እና አምሻ። አብዛኞቹ ስሞች ሰዎች እርስ በርስ የሚተሳሰሩባቸው ነገሮች ናቸው፤ ሚትራ ቃል ኪዳን፣ ባጋ ድርሻና ሲሳይ፣ አምሻ ዕጣ፣ ዳክሻ ብልሃት። በዘጠነኛው መጽሐፍ ቁጥራቸው ሰባት ይሆናል። በዐሥረኛው አዲቲ ስምንት ወልዳ፣ ሰባቱን ይዛ ወደ ዴቫዎች ስትሄድ ስምንተኛውን ማርታንዳን ጥላዋለች። በኋለኞቹ ብራህማናዎች ዐሥራ ሁለት ሆነው ከዓመቱ ወራት ጋር ተጣመሩ። በፑራናዎች ደግሞ ቪሽኑና ኢንድራ ከመካከላቸው ተቆጠሩ፤ በመጀመሪያው ዝርዝር የአዲቲ ልጅ የነበረው ዳክሻም አባቷ ሆኖ ተገኘ።

ስሙ ራሱ አዲስ ፍጡር ሲወልድም እናያለን። ከ«አዲቲ» መነሻው «አ» የአሉታ ምልክት ተደርጎ ስለተወሰደ «ዲቲ» የምትባል ሌላ እናት ተገኘች፤ የዴቫዎች ጠላቶች ዳይትያዎችም ልጆቿ ተባሉ። በጥንቱ ቬዳ ቫሩናን የመሰሉት የሚከበሩበት «አሱራ» የተሰኘ ማዕረግም በተመሳሳይ መንገድ «ሱራ ያልሆነ» ተብሎ ተተነተነ፤ «ሱራ» ለዴቫ፣ «አሱራ» ለጠላቱ ስም ሆነ። አባቶች ስም ያወጣሉ፤ ልጆች ደግሞ ከስሙ ላይ ባለስሙን ይሠራሉ።

አል-ቢሩኒ ይህን ጉዳይ እንዴት ያዙት? የሚመሰገኑበት ነገር ልዩነትን አለመደበቃቸው ነው። የዐሥራ ሁለቱን ወራት ፀሐዮች ስም በሠንጠረዥ ሲያሰፍሩ አንዱን መጽሐፍ መርጠው ሌላውን አልጣሉም። «ቪሽኑ-ዳርማ» የሚለውን፣ «አዲትያ-ፑራና» የሚለውንና ከሕዝቡ የሰሙትን ጎን ለጎን አስቀመጡ። ኪታባቸው የሙግት መጽሐፍ አለመሆኑንም በመግቢያው አስታውቀዋል። ለእኛ ኢማሞችና መምህራን ይህ ታላቅ አደብ ነው፤ ባላንጣ የሚያምንበትን እሱ ራሱ «አዎን፣ እንዲህ ነው የምለው» በሚልበት መልክ ማቅረብ ከፍትሕ ይቆጠራልና።

ሆኖም ሁለት ጉድለቶች ይታያሉ። አንደኛው ዘመንን የሚመለከት ነው። ሠንጠረዡ ልዩነትን ያሳያል፤ ዕድገትን ግን አያሳይም። ቬዳ በቃል የሚጠበቅ፣ ብራህማኖች ለመጻፍ የሚቆጠቡበት ስለነበር፣ የእጃቸው ምንጭ በአመዛኙ ፑራናዎችና ሊቃውንቱ ነበሩ። ስድስቱ ዐሥራ ሁለት የሆኑበት መንገድ ስለዚህ አልታያቸውም። ይህ ነቀፋ ሳይሆን የዘመናቸው ወሰን ነው። በሒጣይትና በሚታኒ ነገሥታት መካከል ከክርስቶስ ልደት በፊት በ14ኛው ምዕተ ዓመት የተደረገው ስምምነት ሚትራንና ቫሩናን በምስክርነት የሚጠራ መሆኑ የታወቀው፣ የሸክላ ጽላቶቹ በዛሬይቱ ቱርክ በቦጋዝኮይ በ20ኛው ምዕተ ዓመት መባቻ ከተገኙ በኋላ ነው።

ሁለተኛው ከበድ ይላል። አል-ቢሩኒ «ዴቫ»ን «መላኢካ» ብለው ተርጉመዋል። ምክንያታቸው ይገባናል። የተማሩት ሂንዱዎች አንድ ዘላለማዊ መነሻ እንደሚቀበሉ ስለተረዱ፣ ዴቫን «ኢላህ» ማለት ያላሉትን ማስባል እንዳይሆን ሠግተዋል። ግሪኮችም «አምላክ» የሚለውን ቃል ለተከበሩ ፍጡራን ያውሉት እንደነበር አመሳክረዋል። በእርግጥ በብሪሃድአራንያካ ኡፓኒሻድ ያጅናቫልክያ «ዴቫዎች ስንት ናቸው?» ተብሎ ሲጠየቅ ከሦስት ሺህ በላይ ጀምሮ፣ በ33 በኩል አልፎ፣ በአንድ ያበቃል፤ በዚያው ምላሽ ዐሥራ ሁለቱ አዲትያዎች የዓመቱ ወራት ናቸው ይላል።

ነገር ግን መልአክ በእኛ ዘንድ አይወለድም፣ አያገባም፣ የአላህን ትእዛዝ አይጥስም፤ አይመለክምም። አዲትያ ግን እናት አለው፣ መሥዋዕት ይቀርብለታል፣ ይለመናል። ትርጉሙ ሂንዱውን ካላለው ነገር አዳነው፤ የእኛን አንባቢ ግን የሺርኩ ፍሬ ነገር እንዳይታየው ጋረደው። በአማርኛ የምናደርገው ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ ሁሉንም «ጣዖት» በሚል አንድ ቃል እንጠቀልላለን። ጣዖት የተቀረጸው ምስል ነው፤ ቫሩና በጥንቱ መዝሙር የሚለመነው ያለ ምስል ነበር። የሚሻለው መንገድ ቃሉን እንዳለ «ዴቫ» ብሎ መያዝና ማብራራት ነው፤ አል-ቢሩኒም በሌሎች ብዙ ቦታዎች ያደረጉት ይህንኑ ነው።

ይህ ጥንቃቄ ለሺርክ መለሳለስ የሚመስለው ቢኖር፣ ሱረቱል አንዓም ሙሽሪኮች የሚጠሯቸውን እንዳንሳደብ መከልከሉን፣ ሱረቱል ማኢዳህም የሕዝብ ጥላቻ ከፍትሕ እንዳያርቀን ማዘዙን ያስታውስ። የተጣመመ ስያሜ ይዞ የሚሰጥ መልስ የሚያፈርሰው የራሱን ምናብ ነው። የአዲትያዎች ታሪክ በትክክል ሲነገር ግን ቁጥሩ ሲያድግ፣ ልጁ አባት ሲሆን፣ ከአንድ ፊደል አዲስ እናት ስትገኝ ያሳያል። የሱረቱ አን-ነጅምን ማሳሰቢያ ለተማሪ ለማስረዳት ከዚህ የበለጠ ምሳሌ አያስፈልግም፤ የፈጠራ ሥርወ ቃልም አያስፈልግም። ወላሁ አዕለም።