ባለሟልነት በነጥብ ይመለሳልን? ስለ «ፎለን ለንደን» ጨዋታ የቀረበ ሒስ

ሒስ የሚገባው ድርሰት በወረቀት የታተመው ብቻ ነው የሚል አሳብ በተማሪው ዘንድ ገና አልጠፋም። ይሁን እንጂ ዛሬ ረጅም ታሪክ በኮምፒዩተርና በስልክ መስተዋት ላይም ይነበባል። ከዚህም አንዱ ወገን፣ አንባቢው ራሱ ባለታሪክ ሆኖ በየገጹ የሚያደርገውን እየመረጠ የሚሄድበት የጨዋታ ድርሰት ነው። በዚህ ጽሑፍ ልንመረምረው የፈለግነው ከነዚህ አንዱን፣ «ፎለን ለንደን» ማለትም «የወደቀችው ለንደን» የተባለውን ነው። ሁሉን ለመመርመር ቦታው ስለማይበቃ፣ ከንጉሥ ቤት የተጣለ ሰው እንዴት ተመልሶ ሞገስ ያገኛል በሚለው ጥያቄ ላይ ብቻ እንወሰናለን። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ጨዋታው በእንግሊዝ አገር ፌይልቤተር ጌምስ በተባለ ድርጅት የተዘጋጀ ሲሆን፣ በ2009 ኤኮ ባዛር በሚል ስም ወጥቶ ኋላ ስሙ ተለወጠ። ታሪኩ የሚነሣው ከአንድ ፈጠራ ነው፤ በ1862 ለንደን በሌሊት ወፎች ተነጥቃ ከምድር በታች ወዳለ ታላቅ ዋሻ ወረደች ይላል። ምክንያቱም የከተማይቱ ገዥ ሊሞት የተቃረበውን ባሏን ለማዳን ከባዛሩ ጌቶች ጋራ ስለ ተዋዋለችና ዋጋው ከተማይቱ ራሷ ስለ ሆነች ነው። ከዚያ ወዲህ ስሟ አይጠራም፤ «ከዳተኛይቱ እቴጌ» ትባላለች። የምትቀመጠውም መስኮቶቹ በተዘጉበት ቤተ መንግሥት ነው። ተጫዋቹ በንግግሩና በጥበቡ ወደዚህ ቤተ መንግሥት መግቢያ ይፈልጋል፤ ከገባም በኋላ በግብዣው፣ በፍቅሩና በሐሜቱ መካከል እንዳይወድቅ ይጠነቀቃል።

መውደቅ እንዴት እንደሚመጣ ማወቅ ያስፈልጋል። ተጫዋቹ ሊያደርገው ያሰበው ነገር ይሳካ እንደ ሆነ ዕድሉ ተገምቶ አስቀድሞ ይነገረዋል። ሲከሽፍበት ብዙ ጊዜ ከአራቱ መከራዎች አንዱ ይጨመርበታል፤ እነሱም ቁስል፣ ጥርጣሬ፣ ቅዠትና ነውር ናቸው። የቤተ መንግሥት ሰው ዋና ጠላት ነውር ነው። ነውሩ 8ኛ ደረጃ ሲደርስ ተጫዋቹ ከለንደን ይወጣና የመቃብር ቅኝ ግዛት ወደሚባለው አገር ይጋዛል። በዚያ የሚኖሩት፣ ሞት ሊጨርሳቸው ያልቻለ፣ ሰውነታቸው በጨርቅ የተጠቀለለ አሮጌዎች ናቸው። የደረጃው አወጣጥ እንዲህ ነው፤ ለመጀመሪያው ደረጃ 1 ነጥብ፣ ለሁለተኛው ሌላ 2፣ ለሦስተኛው ሌላ 3 እያለ ይሄዳል። ስለዚህ ከባዶ ተነሥቶ 8ኛው ላይ ለመድረስ 36 ነጥብ መሰብሰብ ያሻል። መመለሻውም በዚያው መንገድ ነው፤ ግዞተኛው ነውሩን የሚቀንሱ ተግባሮች እየመረጠ ነጥቡን ያወርዳል፤ በበቂ ሲወርድለት መርከብ ያገኛል፤ ወደ ከተማው ይመለሳል።

አስቀድመን የሚመሰገነውን እናመስግን። የዚህ ጨዋታ ትልቁ ብልሃት መጠበቅን የታሪኩ አካል ማድረጉ ነው። እያንዳንዱ ተግባር አንድ ዕድል ይፈጃል፤ ያለቀው ዕድል በየ10 ደቂቃው አንድ አንድ እየሆነ ይተካል፤ ላልከፈለ ተጫዋችም ከ20 በላይ አይጠራቀምም። ዕድሉን የጨረሰ ሰው ሙሉውን መልሶ ለማግኘት 3 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ይቆያል ማለት ነው። በመጽሐፍ ውስጥ ደራሲው «ብዙ ዘመን ጠበቀ» ብሎ በአንድ መስመር የሚያልፈውን፣ እዚህ አንባቢው በገዛ ጊዜው ይከፍለዋል። በቋንቋችን ለዚህ ነገር የታወቀ ቃል አለ፤ ደጅ ጥናት እንለዋለን። የሚያስጠናው ዙፋን በ1974 ከኢትዮጵያ ቢጠፋም፣ ቃሉ እስከ ዛሬ በየመሥሪያ ቤቱ በር ይሠራበታል። ደጅ ጠኚ የሚያቀርበው ዋና ነገር ጊዜው እንደ ሆነ የሚያውቅ አንባቢ፣ ይህ ጨዋታ ስለ ቤተ መንግሥት አንድ እውነት እንደ ያዘ ወዲያው ይገባዋል።

ነገር ግን በዚሁ ቦታ የመጀመሪያው እንከን ይገኛል። ጊዜውን ለመክፈል የማይወድ ተጫዋች በእውነተኛ ገንዘብ ፌት የሚባለውን ልዩ ገንዘብ ገዝቶ ያለቀበትን ዕድል መሙላት ይችላል። በየወሩ ለሚከፍለውም የዕድሉ መጠራቀሚያ ከ20 ወደ 40 ከፍ ይልለታል። ድርጅቱ እንጀራው ይኸው ስለ ሆነ ስለ መሸጡ አንወቅሰውም። የምንለው ሌላ ነው። በታሪኩ ውስጥ እጅ መንሻ የሚያቀርብ ሰው ሊያፍር፣ ሊጋለጥ፣ ሊመለስበትም ይችላል። ከታሪኩ ውጭ የሚከፈለው እጅ መንሻ ግን ማንም ሳያየው የደጅ ጥናቱን ዘመን ያሳጥራል፤ ታሪኩም አንድ ቃል አይናገርበትም። ስለዚህ መጠበቁ የያዘው ትርጉም ለከፈለው ሰው ይፈርሳል፤ የቀረው ተራ መዘግየት ነው።

ሁለተኛው እንከን ከዚህ ይከብዳል። አማርኛ ሞገስ ማጣትን ፊት መነሣት፣ ሞገስ ማግኘትን ፊት ማግኘት ይለዋል። ነገሩ በሁለት ሰዎች መካከል ያለ ነው፤ የሚነሣ ፊት አለ፣ የሚናፍቅ ዐይን አለ። በጨዋታው ግን ነውር በተጫዋቹ ላይ ብቻ የተጻፈ ቍጥር ነው። ቍጥሩ ሲወርድ ግዞቱ ያልቃል፤ ማን እንደ ተቀየመ፣ ማን ይቅር እንዳለ አይጠየቅም። ተጫዋቹ ከነውሩ ይታጠባል እንጂ ከሰው አይታረቅም።

ልዩነቱን ለማየት በመጽሐፈ ሳሙኤል ካልእ የአቤሴሎምን ታሪክ እናስታውስ። አቤሴሎም ወንድሙን አስገድሎ ወደ ጌሹር ሸሸ፤ በዚያም 3 ዓመት ተቀመጠ። ኢዮአብ አንዲት ብልህ ሴት አማላጅ አድርጎ ንጉሡን ስላግባባ ተመለሰ። ሆኖም በኢየሩሳሌም ተቀምጦ 2 ዓመት ሙሉ የንጉሡን ፊት አላየም። በመጨረሻ የኢዮአብን እርሻ እስከማቃጠል ደረሰ፤ ከዚያ በኋላ ገብቶ ሰገደ፤ ንጉሡም ሳመው። ከግዞት መመለስና ፊት ማግኘት ሁለት ልዩ ነገሮች መሆናቸውን ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ አይገኝም። በፎለን ለንደን አቆጣጠር ቢሆን ኖሮ አቤሴሎም ከጌሹር በተመለሰባት ቀን ነገሩ ባለቀ ነበር፤ ጨዋታው ከነዚያ 2 ዓመታት የሚያውቀው የለም።

የእንግሊዝ ታሪክም ይህንኑ ይመሰክራል። ሰር ዎልተር ራሌይ የንግሥት ኤልሣቤጥ ባለሟል ነበረ። የንግሥቲቱን ደንገጡር ኤልሣቤጥ ትሮክሞርተንን ያለ ፈቃድ በስውር ማግባቱ በታወቀ ጊዜ፣ በ1592 ባልና ሚስቱ በለንደን ግንብ ታሰሩ። በዚያው ዓመት ማድሬ ዴ ዴውስ የተባለች ብዙ ሀብት የጫነች የፖርቱጋል መርከብ ተማርካ ስትመጣ፣ ምርኮው በዘረፋ እንዳያልቅ ሥርዓት እንዲያስይዝ ራሌይ ከእስር ተለቀቀ። እንግዲህ የእስር ቤቱን በር የከፈተው ገንዘብ ነው ማለት ይቻላል። ግን ገንዘቡ የንግሥቲቱን ፊት አልከፈተም፤ ወደ ቤተ መንግሥቱ አገልግሎት የተመለሰው በ1597 ነው። በመካከሉ ያሉት አምስት ዓመታት በምንም ነጥብ የሚለኩ አይደሉም፤ ምክንያቱም ልኩ በአንዲት ሴት ልብ ውስጥ ነበረና።

እዚህ ላይ ተከራካሪ ተነሥቶ፣ «ጨዋታ ያለ ቍጥር አይቆምም፤ ደግሞስ የነገሥታት ልብ ፍትሕ ነውን?» ሊለን ይችላል። ክርክሩ ጽኑ ስለ ሆነ በቀላሉ አናልፈውም። በእርግጥ የቍጥሩ ሕግ ለሁሉ አንድ ነው። አማላጅ የሌለው፣ ዘመድ የሌለው፣ መልክ የሌለው ተጫዋች እንደ ሌላው ሁሉ በነጥቡ ይወርዳል፣ በነጥቡ ይመለሳል። የራሌይ ዕጣ በአንድ ሰው ፈቃድ ተንጠልጥሎ ነበር፤ የተጫዋቹ ዕጣ ግን በተጻፈ ሥርዓት ላይ ቆሟል። ከሁለቱ በየትኛው ሥር መኖር ትመርጣላችሁ ብንባል፣ ሳናመነታ የተጻፈውን ሥርዓት እንመርጣለን። ነገር ግን የምንመረምረው የምንኖርበትን ሕግ ሳይሆን የቤተ መንግሥትን ሥዕል ነው። ሠዓሊው አንበሳውን የገራ አድርጎ ቢስለው፣ ለተመልካቹ ደኅንነት በጎ ነው፤ ለአንበሳው ግን እውነት አይደለም።

አሁን የጨዋታውን ጥልቅ አሳብ ወደያዘው ቦታ ደርሰናል፤ ይኸውም እቴጌይቱ ራሷ ናት። ተጫዋቹ ሞገሷን የሚፈልግባት ገዥ፣ በሕዝቧ ዘንድ ሞገስ ያጣች ናት። የተጫዋቹ ነውር ሲወርድ ስሙ ይጸዳል፤ «ከዳተኛ» የሚለው የእሷ ስም ግን በምንም ተግባር አይወርድም። ደራስያኑ ለተራው ተጫዋች የመመለሻ መሰላል ሠርተው፣ ከዙፋኑ ላይ ላለችው አንድ እርከን እንኳ አልተከሉላትም። እኛ በሥርዓተ ነጥቡ ውስጥ ያጣነው የይቅርታ ጥያቄ በታሪኩ መነሻ ውስጥ ተቀብሮ ይገኛል ማለት ነው።

ለዚህ ማነጻጸሪያ የምትሆነው እውነተኛይቱ ንግሥት ናት። ቪክቶሪያ ባሏ አልበርት በታኅሣሥ 14 ቀን 1861 ከሞተ በኋላ ከሕዝብ ዐይን ተሰወረች፤ እስከ ሞቷም እስከ 1901 ድረስ የሐዘን ልብሷን አልጣለችም። መሰወሯ ብዙ ወቀሳ አመጣባት፤ ዘውዱ ይቅር የሚሉም ተነሡ። ልጇ የዌልስ ልዑል ከታይፎይድ በሽታ ሲድን፣ በየካቲት 27 ቀን 1872 ከሕዝቡ መካከል አልፋ ለምስጋና ጸሎት ወደ ቅዱስ ጳውሎስ ካቴድራል ሄደች፤ ሕዝቡም በደስታ ተቀበላት። በ1887 የነገሠችበት ኃምሳኛ ዓመት ሲከበር ፍቅሩ ተመልሶ ነበር። የተመለሰውም ፊቷን ስላሳየች ነው። የጨዋታዋ እቴጌ ግን መስኮቶቿን ዘግታ ተቀምጣለች፤ ስለዚህ ፊት አትሰጥም፣ ፊትም አታገኝም። ተጫዋቹ በነጥብ ብቻ የሚመለስበት ምክንያት ምናልባት ይኸው ሊሆን ይገባው ነበር፤ ፊት በሌለበት ቤት ቍጥር ይነግሣልና። ደራስያኑ ይህን ግንኙነት በግልጽ ቢሠሩበት ኖሮ፣ እንከን ያልነው ሁሉ የድርሰቱ ዋና አሳብ በሆነ ነበር።

በጠቅላላው ፍርዳችን እንዲህ ነው። ፎለን ለንደን የደጅ ጥናትን ድካም ከብዙ መጽሐፍ ይልቅ በእውነት ያሳያል። የደጅ ጥናትን ፍጻሜ ግን፣ ማለትም የተቀየመ ሰው ፊቱን ሲመልስ የሚሆነውን፣ አያሳይም። በውስጡ ያለው ሥርዓት ርትዕ ነው፤ ምሕረት ግን አይደለም። ይህን መለየት ለኛ ለተማሪዎች ከጨዋታ ያለፈ ጥቅም አለው። እኛም ራሳችን በነጥብ የምንመዘን፣ በነጥብ የምንወድቅና በነጥብ የምንመለስ ነን፤ ስለዚህ የተመለሰልን ቍጥር የሰዎችንም እምነት የመለሰልን ሊመስለን ይችላል። ቍጥሩ በሩን ይከፍታል፤ ከበሩ ወዲያ ያለውን ፊት ግን ገብቶ ማየት የሚቀር ሥራ ነው።