ከስለቱ በታች ያለው ክፍተት

የባሕር ዳር ቶርኖ ቤት ሥራ አይመርጥም። የጣና ጀልባ ሻፍት፣ የወፍጮ ፑሊና የባጃጅ ቡሽ በአንድ ቀን ሊሰለፉ ይችላሉ። ጀማሪ ለሁሉም አንድ መቁረጫ ይዞ ይገባል፤ አልቆርጥ ሲለው «ደነዘ» ብሎ ወደ ግራይንደር ይሮጣል። ብዙ ጊዜ ግን ስለቱ ደህና ነው፤ ጥፋቱ ማዕዘኑ ወይም አገጣጠሙ ላይ ነው።

በመቁረጫው ራስ ላይ ሦስት ገጾች ይገናኛሉ፦ ቺፑ እየተላጠ የሚንሸራተትበት የላይኛው፣ ወደሚላጠው ብረት የዞረው የጎን፣ ተላጦ ያለቀውን የሚያየው የፊት ገጽ። የላይኛውና የጎኑ የሚዋሰኑበት መስመር ዋናው ስለት ነው። ሦስቱም የሚገጥሙበት አፍንጫው ነው።

የላይኛው ገጽ ማዘንበል ሬክ ይባላል፤ እንደ ብረቱ ይለያያል። በኤችኤስኤስ (ሃይ ስፒድ ስቲል) መቁረጫ ለስላሳ ብረት ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ያህል ይስማማዋል፤ አሉሚኒየም ከዚያ በላይ ይፈልጋል። የነሐስ ቡሽ ሲመጣ ግን ሬኩን ወደ ዜሮ ማውረድ ነው፤ አለዚያ መቁረጫው ነሐሱን ነክሶ ወደ ውስጥ ይሳባል። ከስለቱ በታች በገጹና በሥራው መካከል የሚተወው ክፍተት፣ ክሊራንስ፣ ግን ለየትኛውም ብረት ዜሮ አይሆንም። እሱ ከሌለ መቁረጫው ይፈትጋል እንጂ አይቆርጥም። ከ6 እስከ 10 ዲግሪ ይበቃዋል።

ይህን ክፍተት በድብቅ የሚበላው የመቁረጫው ከፍታ ነው። ጫፉ ከሥራው መሐል 1 ሚሊ ሜትር ከፍ ቢል፣ ዲያሜትሩ 100 ሚሊ ሜትር በሆነ ፑሊ ላይ ከክሊራንሱ 1 ዲግሪ ገደማ ብቻ ይቀንሳል። በ20 ሚሊ ሜትር ሻፍት ላይ ግን ወደ 6 ዲግሪ ይጠጋል፤ በ6 ዲግሪ የተሳለ መቁረጫ ምንም አይቀረውም ማለት ይቻላል። ጠዋት ፑሊውን በደንብ የላጠ መቁረጫ ከሰዓት በቀጭኑ ሻፍት ላይ የሚያጨሰው ለዚህ ነው።

አፍንጫውም የራሱ ሒሳብ አለው። መቁረጫው በአንድ ዙር 0.2 ሚሊ ሜትር ሲሄድ፣ የአፍንጫው ሬዲየስ ከ0.4 ወደ 0.8 ሚሊ ሜትር ቢያድግ በሥራው ላይ የሚቀረው የመስመር ከፍታ በስሌት በግማሽ ይቀንሳል። ሆኖም ትልቅ አፍንጫ ቀጭን ሻፍትን ይገፋል፤ ያንቀጠቅጣል።

የማዕዘን ትምህርት ለዚህች ከተማ አዲስ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ1963 በሶቪየት ኅብረት ትብብር የተቋቋመው የባሕር ዳር ፖሊቴክኒክ የብረታ ብረት ቴክኖሎጂን ከጨርቃ ጨርቅና ከኤሌክትሪክ ጋር ያሠለጥን ነበር። ዲግሪው በሰንጠረዥ ይገኛል፤ ከፍታውን ግን በእያንዳንዱ ሥራ ማየት የሠራተኛው ድርሻ ነው። ስለዚህ ወጣቶች ሆይ፣ መቁረጫው እምቢ ሲል መጀመሪያ ጫፉን ከሥራው መሐል ጋር እኩል ከሆነው የቴይልስቶክ ሴንተር ጋር አስተያዩ፤ ቀጥሎ ክሊራንሱን ተመልከቱ። ግራይንደሩ በሦስተኛ ደረጃ ይምጣ።